«ፍቅር» ማለት ያቃታት ዘፋኝ

(በኮምፒውተር ሙዚቃ ለሚሠሩ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ። ሰላምታ ሳልሰጥ ያንን ድምፅ ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሳቃችሁንም ጠብቄው ነበር። «ፉኩሩ፣ ፉኩሩ» እያለች ስታዜም የሰማችኋት ዘፋኝ ሰው አይደለችም። በኮምፒውተሬ ውስጥ የተጫነች የጃፓን ድምፅ ናት። እኔ የሰጠኋት ግጥም «ፍቅር» የሚል ነበር። ሦስት ፊደል ሰጠኋት፣ ሦስት ፊደል መለሰችልኝ። በሒሳብ ካየነው ምንም አላጎደለችም።

ይህንን ድምፅ ከሁሉ በፊት ያሰማሁት ለእናቴ ነው። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና አዳመጠች።

«ማን ናት?» አለችኝ።

«ኮምፒውተር ናት እማዬ።»

«እሱን አይደለም፤ አገሯ የት ነው ማለቴ ነው። ድምፅዋስ ያምራል። አማርኛው ነው ያልገባላት።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍትና ብዙ የቴክኒክ ማብራሪያ አንብቤአለሁ። ከእናቴ ፍርድ የበለጠ ነገር ግን አላገኘሁም። ሰው የኮምፒውተር ዘፈን ሲሰማ «ብረት ብረት ይላል» ብሎ ድምፁን ይወቅሳል። ሠሪውም ይህንን ሰምቶ ድምፁን ሊያሳምር ይሮጣል፤ ማስተጋቢያ ይጨምራል፣ ያወፍራል፣ ያቀጥናል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ለማሽኑ የምንሰጠው ፊደል ነው፤ ፊደላችን ደግሞ አፋችን የሚሠራውን ሁሉ አይጽፍም። ያልጻፍነውን ማሽኑ ከየት ያመጣዋል?

በታሪኩ ላይ ብዙ አላቆያችሁም። ኮምፒውተር ከዘፈነ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ አይቢኤም 704 የተባለ፣ ክፍል የሚሞላ ማሽን «ዴዚ ቤል» የሚባለውን የቆየ ዘፈን ዘፍኗል። ድምፁን ያዘጋጁት ጆን ኬሊና ካሮል ሎክባም ሲሆኑ፣ አጃቢ ሙዚቃውን የሠራው ማክስ ማቲውስ ነበር። ለተራው ሙዚቀኛ የሚሸጥ ሶፍትዌር የመጣው ግን ከ40 ዓመት በኋላ ነው። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ በባርሴሎና ከሚገኘው ፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጀመረው ምርምር ላይ ተመሥርቶ ቮካሎይድን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝኛ የሚዘፍኑ ሊዮንና ሎላ የተባሉ ድምፆች ወጡ፤ ብዙም ሰው ልብ አላላቸውም። ዓለምን ያስደመመችው በነሐሴ 2007 ሳፖሮ ከሚገኘው ክሪፕተን ፊውቸር ሚዲያ የወጣችው ሃትሱኔ ሚኩ ናት። ድምፅዋ የተወሰደው ሳኪ ፉጂታ ከምትባል የድምፅ ተዋናይት ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኡታው የሚባል ነጻ ሶፍትዌር መጣ፤ ስሙ በጃፓንኛ «መዝፈን» ማለት ነው። ኡታው ማንም ሰው የራሱን ድምፅ ቀርጾ ዘፋኝ እንዲሠራበት ፈቀደ። እኔም የገባሁት በዚህ በር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እንግሊዝኛው ቀድሞ ወጥቶ ለምን ጃፓንኛው ቀደመ? የሚኩ ሥዕልና ረጅም ሰማያዊ ጸጉር የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ አልክድም። ግን ሌላም ምክንያት አለ። የእነዚህ ሶፍትዌሮች አሠራር ድሪቶ እንደ መስፋት ነው። አንድ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ አጫጭር ድምፆችን ይቀረጻል፤ ሶፍትዌሩ እነዚያን ቁርጥራጮች እየቀጠለ ቃል ይሠራል። ለጃፓንኛ 500 ያህል ቁርጥራጭ ሲበቃ፣ ለእንግሊዝኛ 2500 ያህል ያስፈልጋል። ስፌቱ በበዛ ቁጥር የሚታይ ክር ይበዛል። ጃፓንኛ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ቋንቋ ይመስላል፤ ተነባቢና አናባቢ፣ ተነባቢና አናባቢ እያለ የሚሄድ ነው። ካና የሚባለው ፊደላቸውም ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ሁለቱን በአንድ ምልክት ይጽፋቸዋል። ለአንድ ፊደል አንድ ኖታ ይሰጣል፤ አለቀ።

አበሻ ይህንን ሲያይ ምን ይላል? «ይህማ የእኛው ነው!» ይላል። እኔም ብያለሁ። እንግሊዞቹ 2500 ቁርጥራጭ ሲያሳድዱ እኛ በሀ ሁ እንገላገላለን ብዬ አንድ ሌሊት ሙሉ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወጥመዱም ይኸው ነበር።

በመጀመሪያ አናባቢውን እንቁጠር። ጃፓንኛ አምስት አናባቢ አለው። በእኛ አቆጣጠር ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ናቸው። ግዕዝና ሳድስ የሉም። ከሰባት ሁለት ብቻ ነው የጎደለ ብላችሁ እንዳትጽናኑ። ጋዜጣ ገልጣችሁ የፈለጋችሁትን መስመር ቁጠሩ፤ አብዛኛው ፊደል ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። ለግዕዙ ድምፅ ከእንግሊዝኛ የድምፅ ስብስብ የሚቀርበውን አጭር አናባቢ ተውሼ ለጊዜው አልፌዋለሁ። ለሳድሱ ደግሞ አንድ መላ አገኘሁ። የጃፓን «ኡ» እንደ እኛ ካዕብ ከንፈርን አሹሎ የሚወጣ አይደለም፤ በተለይ ከ«ስ» እና ከ«ጽ» መሰል ድምፆች በኋላ ሲመጣ ወደ እኛ ሳድስ ይጠጋል። የዚያን ድምፅ ጭራ ቆርጬ ለሌሎቹ ቀጠልኩት። «ፉኩሩ» የነበረው «ፍክር» ወደሚመስል ነገር ተጠጋ። እናቴ ግን አሁንም አገሯን ጠየቀች።

ምክንያቱ ሳድስ ድምፅ ብቻ አለመሆኑ ነው። አንዳንዴ ይነገራል፣ አንዳንዴ ይዋጣል፤ ሲጻፍ ግን በሁለቱም ጊዜ መልኩ ያው ነው። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ውሰዱ። አምስት ፊደል ነው፤ አምስቱም ሳድስ። እስቲ እጃችሁን አገጫችሁ ሥር አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ በሉት። ትም፣ ህርት። አገጫችሁ የወረደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ለዘፋኝ ሁለት ኖታ ነው። ማሽኑ ግን አምስት ፊደል ስላየ አምስት ኖታ ይፈልጋል፤ «ት-እ-ም-እ-ህ-እ» እያለ እንደ ገና ፊደል ቆጣሪ ልጅ ይንተባተባል።

«የተዋጠውን ሳድስ አውጣና ጣለው፤ ምን ያስቸግራል?» ትሉኝ ይሆናል። የትኛው ነው የሚዋጠው? «ብርድ» እና «ምድር» የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም ሦስት ሦስት ሳድስ ናቸው። «ብርድ» በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ኖታ ያልፋል። «ምድር» ግን ም፣ ድር ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። «ር» ከ«ድ» ስትቀድም ምላስ ሳትነሳ ተንሸራታ ታልፋለች፤ «ድ» ከ«ር» ስትቀድም ግን ትሰናከላለች፤ እንዳትሰናከል ትንሽ አናባቢ መካከላቸው ትገባለች። ይህንን በትምህርት ቤት ያስተማረን የለም፤ ሁላችንም ግን እንሠራዋለን።

ወደ «ፍቅር» እንመለስ። ብቻውን ሲሆን ፍ፣ ቅር ይባላል፤ ሁለት ኖታ። «ፍቅሬ» ሲሆን ፍቅ፣ ሬ ይሆናል፤ አሁንም ሁለት ኖታ፣ የተቆረጠበት ቦታ ግን ተቀይሯል። «ቅ» ከሁለተኛው ኖታ መነሻ ተነሥታ ወደ አንደኛው ኖታ መጨረሻ ሄደች። በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ከዚህ ቃል በላይ የሚደጋገም ካለ ንገሩኝ። አንዲት ፊደል በተጨመረች ቁጥር ቃሉ ራሱን እንደገና ያደራጃል፤ ማሽኑ ደግሞ ይህንን ሁሉ ከኛ ይጠብቃል።

የሚገርመው ይህንን ሒሳብ የሚያውቁ ሰዎች ከጥንትም አሉን፤ ገጣሚዎች ናቸው። የወል ቤት የሚባለውን ግጥም የሚጽፍ ሰው ስድስት ስድስት ቀለም ይቆጥራል። ፊደል ቢቆጥር ስንኙ ሁሉ ይንጋደድበት ነበር። የሚቆጥረው በጆሮው ነው፤ የሚዋጠውን ሳድስ ሳያስበው ይዘለዋል። ሕጉን ንገረኝ ብትሉት ግን ይቸገራል። እኔ ያንን ሕግ ለማሽኑ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬም ጉድለት አለበት። ዋናው ነገር ግን ቀላል ነው። ቃል በሁለት ባዶ ተነባቢ አይጀምርም፤ ሦስት ተነባቢ ተከታትሎ አይቆምም፤ ቃል መጨረሻ ላይ ሁለት መቆም የሚችሉት ምላስ ሳትሰናከል ካለፈች ብቻ ነው። ይህቺን ታህል ሕግ ስጨምርለት ከስህተቱ ግማሹ የጠፋ መሰለኝ።

አሁን ወደ ጊዜ ልምጣ። ለአማርኛ ብቻ ሳይሆን ለየትኛውም ቋንቋ ትልቁ ምሥጢር እዚህ ነው።

እስቲ በእኩል ፍጥነት አጨብጭቡና «ሻ፣ ሻ፣ ሻ» በሉ። ጭብጨባው ያረፈው በየትኛው ክፍል ላይ ነው? «ሽ» ላይ አይደለም፤ «አ» ላይ ነው። «ሽ» ጭብጨባው ሳይመጣ ቀድማ ትነሣለች። አሁን «ባ፣ ባ፣ ባ» በሉ። እዚህ «ብ» እጅ ለእጅ ሲገናኝ አብራ ትፈነዳለች ማለት ይቻላል። እንግዲህ ኖታው ላይ ፊደሉን በሙሉ ምቱ ላይ ብታስቀምጡ ምን ይሆናል? በደቂቃ 120 ምት የሚሄድ ዘፈን አንድ ምቱ 500 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የምቱ ሩብ 125 ሚሊ ሰከንድ። ረጋ ብላ የተዘፈነች «ስ» ወይም «ሽ» በቀላሉ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ትወስዳለች። ስለዚህ «ሰላም» የሚለው ቃል «ስ»ዋ ምቱ ላይ ከጀመረች፣ አናባቢው ሩብ ምት ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ከበሮው ቀድሞ ይሄዳል፤ ዘፋኟ ከኋላ ትሮጣለች። ቀጥሎ «በ» ስትመጣ ደግሞ በሰዓቱ ትደርሳለች። አንዱ ዘገየ፣ አንዱ ደረሰ፣ አንዱ ዘገየ። ሰሚው «ብረት ብረት ይላል» የሚለው ይህንን ነው። ድምፁ እንደ ሐር የለሰለሰ ቢሆን እንኳ ከዚህ አያመልጥም።

ኡታው ላይ እያንዳንዷ ቁራጭ ድምፅ አምስት ቁጥር ይጻፍላታል። ከየት ትጀምር፣ እስከ የት አትለጠጥ፣ የት ትቆረጥ፣ ካለፈችው ጋር ምን ያህል ትደራረብ፣ ከምቱ ስንት ሚሊ ሰከንድ ቀድማ ትነሣ። አራቱን በግምት ብትሞሉ ዘፈኑ ይተርፋል፤ አምስተኛዋን ግን በጆሮ፣ አንድ በአንድ መሙላት ግድ ነው። ቀድማ የምትነሣውም ጊዜዋን ከሰማይ አታመጣም፤ ካለፈው ኖታ አናባቢ ላይ ትሰርቃለች። ስለዚህ ፈጣን ዘፈን ውስጥ «ስ» እና «ሽ» የበዛበት ስንኝ አናባቢዎቹን ይበላቸዋል። ቮካሎይድ ላይ ለዚህ ከ0 እስከ 127 የምትስተካከል ቁጥር አለች፤ ከፍ ስትል ተነባቢው ያጥራል፣ ዝቅ ስትል ይረዝማል። መካከለኛዋን 64ን ሳይነኩ የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸው ገና ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ አልነካኋትም ነበር፤ ምን እንደምትሠራ አላውቅማ።

ጥብቀት ላይ ደርሰናል። እንደ እኔ ከሆነ የአማርኛው ዋና ፈተና ይኸው ነው።

«ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። «ይመታል» ላልቶ መቺ ነው፤ ጠብቆ ተመቺ። ይህንን ሁሉም ያውቃል። የኔን ጸጉር ያስነጨኝ «ሽፍታ» ነው። ላልቶ ሽፍ፣ ታ ተብሎ ሁለት ኖታ ይይዛል፤ ጫካ የገባው ሰውዬ ነው። ጠብቆ ግን «ፍ» ስለምትደረብ ከእሷ በኋላ ሳድሷ ትነገራለችና ሦስት ኖታ ይሆናል፤ ቆዳ ላይ የሚወጣው ነው። ያው አጻጻፍ፣ የተለያየ የኖታ ቁጥር! ዜማው ሁለት ኖታ ብቻ ካለው ገጣሚው ስለ ቆዳ በሽታ መዝፈን አይችልም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳ አይመስለኝም።

ጃፓኖች ጥብቀት አላቸው፤ እንደ እኛው ቃል ይለዩበታል። ልዩነቱ እነሱ ይጽፉታል። ትንሽዬ «ጹ» የምትባል ምልክት አለቻቸው፤ እሷ ስትገባ ቀጣዩ ተነባቢ ይጠብቃል፤ በዘፈን ውስጥም የራሷን ጊዜ ትወስዳለች። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ጥብቀትን ያውቃል። አላዋቂው የኛ አጻጻፍ ነው። ለመጻፍ የሞከረ አልጠፋም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚጠብቁት ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። ብዙ አንባቢ ነጥቧን የማተሚያ ቤት እድፍ ናት ብሎ አልፏት ይሆናል። ብዙ ጸሐፊ አልተከተላቸውም፤ አንባቢ ያለ ነጥብም ይረዳልና። እኔ ግን ለማሽን የምጽፈውን ግጥም ሁሉ በእሳቸው ነጥብ ነው የምጽፈው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነጥቧን የሚያነብ አንድ ታማኝ አንባቢ ተገኝቷል፤ ኮምፒውተር ነው።

ነጥቧን ያየ ማሽን ምን ያድርግ? እዚህ አንድ ስንኝ በቅርብ እንየው። ራሴ የጻፍኩት ነው፤ ግጥምነቱን አትፍረዱብኝ። «ቅጠል ከዛፉ ወደቀ።» ዘጠኝ ፊደል፣ ስምንት ኖታ፤ «ጠል» አንድ ላይ ስለሚሄድ። «ወደቀ» ላይ «ደ» ይጠብቃል። እያንዳንዱ ኖታ ግማሽ ምት፣ ማለትም 250 ሚሊ ሰከንድ ይሁን። መጀመሪያ ላይ «ደ»ን አስረዝማለሁ ብዬ ሙሉዋን ለጠጥኳት፤ «ወዴዴ» የሚል ነገር ወጣ። ጥብቀት ግን የሚኖረው ከፍንዳታው በፊት ነው። ምላስ ላንቃ ላይ ትለጠፋለች፣ ትቆያለች፣ ከዚያ ትለቃለች። ስለዚህ «ወ»ን 250 ሳይሆን 150 ሚሊ ሰከንድ ላይ ቆረጥኳት። የቀረውን 100 ሚሊ ሰከንድ ባዶ አላደረግኩትም፤ አፍን ዘግቶ ማጉረምረም የሚመስል ዝቅ ያለ ድምፅ ተውኩበት፤ «ድ» በጉሮሮ የምትነዝር ድምፅ ናትና። ከዚያ «ደ» በትክክል ምቱ ላይ ፈነዳች። ያን ጊዜ ቅጠሏ ወደቀች። «ለ»፣ «መ»፣ «ሰ» ሲጠብቁ ሥራው ሌላ ነው፤ እነሱ ድምፃቸው ሳይቋረጥ የሚሳብ ስለሆነ ራሳቸውን ማስረዘም ይበቃል። «ተ» እና «ከ» ሲጠብቁ ደግሞ ዝምታውን ፍጹም ባዶ ማድረግ ነው።

አንድ የቅኔ ወዳጅ ይህንን ስነግረው «ሰምና ወርቁንስ ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ። ትክክል ነው። ብዙው ሰምና ወርቅ የተሸሸገው ላልቶና ጠብቆ መካከል ነው። አዝማሪ «አለ» ሲል «ተናገረ» ይሁን «ይኖራል» ይሁን እንዳይታወቅበት አድርጎ ያልፈዋል፤ ሰሚው ሁለቱንም ይሰማል። ማሽኑ ግን ቁጥር ይፈልጋል። መካከለኛ ቁጥር ሞከርኩ፤ ላላም ጠበቀም የማይባል። ለእናቴ አሰማኋት። ሁለቱንም አልሰማችም፤ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አዝማሪው ይህንን በሚሊ ሰከንድ ነው የሚሠራው ወይስ በዓይኑ ጥቅሻ? እስካሁን አልተገለጠልኝም።

የቀሩት ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ ናቸው። ጉሮሯችንን ዘግተን፣ አየሩን አፋችን ውስጥ ጨምቀን እንደ ቡሽ የምናስፈነጥራቸው ድምፆች ማለት ነው። ጃፓንኛም እንግሊዝኛም ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ ፊደሎች አይደሉም። ስለዚህ የውጭ ድምፅ ብትቆራርጡ «ቀ»ን አታገኟትም። «ፍቅር» ሁልጊዜ «ፍክር» ይሆናል። ከዚህ በላይ በተውሶ መሄድ አልቻልኩምና ታናሽ እህቴን ጠራኋት።

ስቱዲዮ የለንም። ቁም ሣጥን ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ማይክሮፎኑን በልብስ መስቀያ አንጠልጥለን ቀረጽናት። በአንድ የድምፅ ከፍታ፣ ሳትወጣ ሳትወርድ፣ «ቀቀቀ፣ ቁቁቁ፣ ቂቂቂ» ትላለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ የቁም ሣጥኑን በር ከፈተችና «ጋሼ፣ ፊደል ልታስቆጥረኝ ነው የጠራኸኝ?» አለች። እውነቷን ነው። ሀ ሁ ሂ በቄስ ትምህርት ቤት ዜማ ጭምር የሚቆጠረው ለካ ለዚህ ሥራም ይሆናል።

የ«ቀ»ዋን ሥዕል ኦዳሲቲ በሚባለው ሶፍትዌር ከፍቼ አጎላሁት። መጀመሪያ ዝምታ አለ። ቀጥሎ እንደ መርፌ የቀጠነች ፍንዳታ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ፤ ሌላ አጭር ዝምታ፣ 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል። ከዚያ በኋላ ነው አናባቢው በድንገት፣ እንደ በር ተበርግዶ የሚገባው። «ከ»ን ሳጎላ ግን ከፍንዳታው በኋላ ያለው ዝምታ ሳይሆን ትንፋሽ ነው። እንግዲህ «ቀ» እና «ከ» የሚለዩት በፍንዳታቸው ኃይል ብቻ አይደለም፤ ከፍንዳታው በኋላ ባለችው በዚያች ባዶ ቦታ ጭምር ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ ልሙጥ ለማድረግ ብሎ ያንን ባዶ ቦታ በማደራረብ ይሞላዋል። ለ«ቀ» ቤቶች ሁሉ መደራረቢያዋን ቁጥር ዜሮ አደረግኋት። በዚያ ሌሊት ዘፋኟ ለመጀመሪያ ጊዜ «ፍቅር» አለች። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ነበር፤ የቤቱን ሰው ሁሉ መቀስቀስ አማረኝ።

ግን ጠንከር አድርጌ ላበዛውም አልፈለግሁም። «ቀ»ዎቹ ሁሉ በእኩል ኃይል ሲፈነዱ ዘፋኟ የተቆጣች ትመስላለች። ሰው ሲዘፍን ረጅም ኖታ መጀመሪያ ላይ ያለችውን ያጎላታል፤ በፈጣን ስንኝ ውስጥ የተወሸቀችውን ቀለል አድርጎ ያልፋታል። ስለዚህ ከእህቴ ሁለት ዓይነት «ቀ» አስቀረጽሁ፤ የተቆጣችና ያልተቆጣች። ሁለተኛዋን ለማግኘት ብዙም አልደከምንም፤ ምሳ በልታ ስትመለስ የቀረጽናት ናት።

አሁን እዚህ ካላችሁት መካከል «ሰው ሠራሽ አእምሮ ይህንን ሁሉ አይገላግልህም ወይ?» የሚል እንዳለ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። በከፊል ይገላግላል። ሲንተሳይዘር ቪ የሚባለው ሶፍትዌር ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ቁርጥራጭ መቀጠሉን ትቶ ከተቀረጹ ዘፈኖች ይማራል። «ስ» ከምቱ ስንት ቀድማ እንደምትነሣ ማንም አይጽፍለትም፤ ከዘፋኞች ይቀስማል። በጃፓንኛ የተቀረጸ ድምፅ በእንግሊዝኛና በቻይንኛም ያዘፍናል። ስሰማው በእነዚያ አምስት ቁጥሮች ላይ ያፈሰስኩትን ዓመት አስታውሼ ትንሽ አዝኛለሁ።

ይሁን እንጂ ለመማር ዘፈኑ ብቻ አይበቃውም። እያንዳንዱ ድምፅ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በጽሑፍ ተሰልፎ መቅረብ አለበት። ያንን የሚጽፈው ሰው ነው። ያ ሰው «ሽፍታ» ብሎ በተራ ፊደል ከጻፈው፣ ማሽኑ የሁለት ኖታውንና የሦስት ኖታውን ቃል እንደ አንድ ይማራል፤ የሁለቱንም አማካይ ይዞ ሁለቱንም ያበላሻል። ማሽኑ ሲሻሻል የኔ ቁጥሮች ጡረታ ወጡ፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ነጥብ ግን አልወጣችም። ኦፕንዩታው የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ለማንኛውም ቋንቋ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚመልስ ፕሮግራም ጽፋችሁ እንድትጨምሩ ይፈቅዳል። የሳድሱን ሕግና ነጥቧን ይዤ እየጻፍኩ ያለሁት እሱን ነው። ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ካላችሁ ከንግግሩ በኋላ አታምልጡኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያዘጋጀሁትን አንድ ደቂቃ ዘፈን ባለፈው እሑድ ለእናቴ አሰማኋት። «ፍቅር» አለች፣ «ፍቅሬ» አለች፣ ቅጠሏም በሰዓቷ ወደቀች። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማች። አገሯን አልጠየቀችም። ደስታዬ ሳያልቅ ግን መቁያውን ከእሳት አነሣችና፣

«ይቺ ልጅ ትንፋሽ አትወስድም እንዴ?» አለችኝ።

አልወሰደችም። ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ አንድም ቦታ። ማታውኑ እህቴን ወደ ቁም ሣጥኑ መለስኳት፤ በዚህ ሳምንት የምንቀርጸው ትንፋሽ ብቻ ነው።